ለአውቶቡሳችን የመረጥኩት ሞተር

ጥቅምት 12 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ፤ መርከብህ በደረሰበት ሁሉ ጤናህ ይብዛልኝ።

እኛ ደህና ነን። እናትህ እማማም ደህና ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት እንቢ ስላለ መኝታቸውን ምድር ቤት አውርጄላቸዋለሁ። ምላሳቸው ግን እንደምታውቀው ነው፤ እሱን ደረጃም አይበግረው።

«እኔ እስክመጣ ሞተር እንዳትገዢ» ያልክበት ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገዝቻለሁ። እንዴት እንደመረጥኩት ከሥሩ ልንገርህ፤ ከዚያ መቆጣት ካለብህ ትቆጣለህ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ከድንጋይ ካባው በላይ ያለውን አቀበት በአውቶቡሳችን እየወጣን ነበር። የሚነዳው ታናሽ ወንድምህ ነው። ከኋላ አልጋው ላይ መንታ ያረገዘች የጡብ ፋብሪካ ሠራተኛ ምጥ ይዟታል። ወንድምህ የሙቀት መለኪያው ቀይ መርገጡን ሳያይ ቀረና ሞተሩ አንድ ጊዜ እንደ ጥይት ጮኾ ጸጥ አለ። የመጀመሪያውን ልጅ እዚያው ተቀበልኩ። ሁለተኛው ግን በጎኑ ተጋድሞ አልዞር አለ። አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ዳር ቆየን። በመጨረሻ አንድ ባለ ገልባጭ መኪና የጫነውን አሸዋ እዚያው ደፍቶ ሆስፒታል አደረሰን። እናትም ልጆችም ተረፉ። እኔ ግን እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ባዶውን መንገድ ሳይ የቆየሁበት ያ ሰዓት እስከ ዛሬ ከላዬ አልወረደም።

የሞተሩ ብሎክ ተሰንጥቋል፤ ብየዳም አይዘውም ተባለ። አርባ አምስቱን ወንበር አንተና እኔ አብረን ነቅለን፣ ሁለት አልጋና የውሃ ታንከር የገጠምንበት አውቶቡስ አራት ወር ግቢ ውስጥ ተገተረ። የጎረቤት ዶሮዎች ሥሩ እንቁላል መጣል ጀመሩ። ለሁለት ዓመት ብለህ ከሄድክ ስድስት ዓመትህ ነው። እኔ መጠበቅ እችልበታለሁ፤ እርጉዝ ሴት ግን ከዘጠኝ ወር በላይ አትጠብቅም።

መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር የሄድነው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለ ትልቅ መጋዘን ነው። ባለ መጋዘኑ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ባለ ቱርቦ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር አሳየን።

«ሦስት መቶ ስልሳ የፈረስ ጉልበት! ይሄ አቀበት የሚባል ነገር አያውቅም፣ እህቴ» አለኝ።

ነካ ሲያደርገው ተነሳ። ወንድምህ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው። እኔ ግን ከመነሳቱ በፊት መዳፌን ብሎኩ ላይ አሳርፌ ነበር፤ ለብ ብሏል።

«እኛ ሳንመጣ ለምን አሞቅኸው?»

«እንግዳ ሲመጣ ቤት አይሞቅም እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ቀልዱን ወደድኩለት። ነገር ግን «የሞቀ ሞተር ሁሉ ወጣት ይመስላል፤ ዕድሜውን የሚናገረው ሲቀዘቅዝ ነው» ያልከኝ አንተ ነህ። ብዙ ነገር አስተምረኸኛል፤ አልክድም።

«ኮምፒውተሩ አቀበት ላይ ቢታመምብኝስ?» አልኩት።

«ምን ችግር አለው? ባለሙያ ከነመሣሪያው እንልካለን።»

«በስንት ቀን?»

ጭንቅላቱን አከከ። «በሁለት ቀን… ቢበዛ በሦስት።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ወሬውን አልሰማሁትም። ሞተሩ መጥፎ ነው አልልህም፤ ለሰፊ አስፋልት ንጉሥ ነው። ለእኛ ግን ካምቢዮውም አይገጥመው፣ ማቀፊያውም እንደገና መበየድ አለበት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያክመው ሰው ሦስት ቀን ርቆ ነው ያለው። አመስግኜ ወጣሁ።

ወንድምህ መንገዱን ሁሉ አኮረፈ። «እትዬ፣ ጉልበት ያለውን ትተሽ አሮጌ ልትፈልጊ?»

«ጉልበት ማለት እኮ ቆሞ አለመቅረት ነው» አልኩት።

ሁለተኛው ሞተር የተገኘው ሐኪሙ ጋራዥ ነው። ሐኪሙ የተባሉት ረጅም ካቻቢቴያቸውን ሞተር ላይ ተክለው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግፈው ስለሚያዳምጡ ነው። ሞተሩ ከተገለበጠ የእህል መኪና የወጣ፣ ባለ ስድስት ፒስተን፣ ናፍጣውን በብረት ፓምፕ ብቻ የሚገፋ ነው። ጉልበቱ ሁለት መቶ አርባ። ዘይትና አቧራ ተጋግሮበት መልኩ አይለይም። ስነካው እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቅዟል። ከሞተብን ሞተር ጋር የአንድ እናት ልጅ ስለሆነ በነበረው ማቀፊያ ላይ ይቀመጣል፤ ከካምቢዮውም ከፍሪሲዮኑም ጋር አይጣላም።

በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። ነጭ ጭሱን ለቀቀው፤ ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። ወንድምህ «አላልኩም?» በሚል ዐይን አየኝ።

ከቦርሳዬ የፅንስ ማዳመጫዬን፣ ያን የእንጨቱን ቀንድ አወጣሁ። ሐኪሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ወንድ ነው ሴት፣ ልጄ?»

«ስድስት ናቸው፣ አባቴ። አንዱን ግን ያመመው ይመስለኛል።»

ከአንደኛው ፒስተን ጀምሬ እያጎነበስኩ አዳመጥኩ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ምቱ ፈዘዘ። በጣቴ አሳየኋቸው። ሳቃቸውን ትተው ካቻቢቴያቸውን ተከሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ሦስተኛው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ሕመሙ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ላይ ነው፤ ሆዱ ደህና ነው።»

እሳቸው ደህና ስላሉ ብቻ አልተውኩትም። ኖዝሉ ተቀይሮ እንደገና ሲነሳ የዘይቱን ክዳን ከፍቼ መዳፌን ደገንኩበት፤ ሆዱ ያረጀ ሞተር በዚያ በኩል ጭስ ይገፋል፤ የሚገፋኝ ግን የለም። ጭስ ማውጫውም ጠራ። ድምፁ ስድስቱም እኩል እንደሚረግጡ ሰዎች ገጠመ። «ይሄን ነው የምወስደው» አልኩ፤ ማንንም ሳላማክር።

ገጠማው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ከበፊቱ የሚበልጥ ራዲያተር አስገባሁ፤ ሙቀቱ ሲያልፍ የሚጮህ ደወልም አስደረግሁ። ቅዳሜ ጠዋት ያንኑ አቀበት በሁለተኛ ማርሽ ወጣነው። እውነቱን ልንገርህ፣ አንድ ብስክሌተኛ አልፎን እጁን አውለበለበልን። ጫፉ ላይ ስንደርስ ግን የሙቀት መለኪያው መሀል ላይ ነበር። ትናንት ደግሞ ከማዶ መንደር አንዲት ወላድ ይዘን በሰላም አደረስን። ሴት ልጅ ወልዳለች።

እማማ አብሬ ካልሄድኩ ብለው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ሲነሳ «ይሄስ ከልጄ ይሻላል፤ ሲጠሩት ይነሳል» አሉ። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

የነዳሁት እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃዱን በሁለተኛው ፈተና አገኘሁ፤ ወንድምህ አሁን ረዳቴ ነው፤ ከመለኪያውም ዐይኑን አይነቅልም። የሾፌሩ ወንበር በአንተ ቁመት ስለተበየደ ፔዳሉ አልደርስልሽ ብሎኝ ነበር። አስቆርጬ ወደፊት አስመጣሁት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሞተሩን ከመግዛቴ በፊት ላማክርህ ደውዬልህ ነበር። አንዲት ሕፃን አነሳችው። «አባዬ ተኝቷል፤ ልቀስቅሰው?» አለችኝ። አፏ ጥርት ያለ ነው፤ ብትሞላ አራት ዓመቷ ነው። «ተይው የኔ ቆንጆ፣ ይተኛ» ብዬ ዘጋሁት። ለእማማ አልነገርኳቸውም፤ መንገሩ ያንተ ፋንታ ነው። እሳቸው ግን ከእኔው ጋር ይኖራሉ፤ በዚህ ላይ ክርክር አልፈልግም።

ስታወራኝ ትንሽ ታስላለች። በብርድ ደረቷን ሸፍኑላት፤ ሳምንት ካለፋት ሐኪም ይያት። እግዜር ያሳድግልህ፤ ባሕሩንም ያርጋልህ።

ለመምጣት አትቸኩል። ሞተሩ ይሠራል።

አዋላጇ