ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ካምቢዮ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ጥገና ዋጋ አጣሪ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ዋጋ ስለ ወጣለት ካምቢዮ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለወንበርዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በእነዚህ ሦስት ወራት ዘጠኝ ጊዜ ደጅ ብጠናም እርስዎን በአካል የማየት ዕድል ስላልገጠመኝ፣ ደህንነቱን በዓይኔ ያረጋገጥኩት ወንበርዎ ላይ የተንጠለጠለውን ኮትዎን ብቻ ነው። ኮቱ ደህና ነው፤ እርስዎም እንደ እሱ ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ ብዙ ዘመን እንዲኖሩ እመኛለሁ።

እኔ ዕድሜዬን በጽሕፈት መኪና ጥገና የጨረስኩ፣ አሁን ቤት የዋልኩ ሰው ነኝ። ለአቤቱታ ያበቃችኝ መኪና የታላቅ እህቴ ናት። እህቴ የደንብ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችኝ፣ ከጉሮሮዋ ነጥላ ያስተማረችኝ ሴት ስትሆን፣ ዛሬ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷ በመሣሪያ ካልታጠበ ትንፋሽ ያጥራታል። እጥበቱ የሚሰጠው ከከተማው ማዶ ነው፤ በሁለት ታክሲ ተጋፍቶ መሄዱን እንኳ ብንችለው፣ ስትወጣ ጉልበቷ ስለሚከዳት መመለሱን አልቻልነውም። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት በሞላት መኪናዋ አመላልሳት ነበር፤ ካምቢዮው ጮኾ ሦስተኛ ማርሽ አልገባም እስካለበት ቀን ድረስ ማለቴ ነው።

የሰፈራችን መካኒክ ካምቢዮውን አውርዶ፣ ውስጡን ሳይከፍት፣ ሙሉ በሙሉ በሌላ ካልተተካ አይሆንም ብሎ መኪናዋን ራሷን የሚገዛ ዋጋ ያለው ፕሮፎርማ ጻፈልን። የጥገና ዋጋ ተገቢ መሆን አለመሆኑን የሚያጣራ፣ ከመጠን ካለፈም የሚያስቀንስ ክፍል አለ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ወደ እርስዎ መጣሁ። ደስታዬ ከዚህ በታች በቁጥር ተዘርዝሯል።

1ኛ. ክፍልዎ አንድ ፕሮፎርማ ብቻ አይቶ እንደማይወስን፣ ከሦስት ጋራዦች ሦስት እንዲቀርብለት እንደሚፈልግ ስለገለጸልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ካምቢዮ የወረደላት መኪና በራሷ ወደ ሌላ ጋራዥ ስለማትሄድ፣ ካምቢዮውን በእህቴ አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ በእጅ ጋሪ እየገፋሁ ዞርኩ። ሁለተኛው መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ብርድ ልብሱን ሳይገልጥ፣ ከእሱ በፊት ማን እንዳየውና ስንት እንዳለ ጠየቀኝ፤ እኔም የዋሁ እውነቱን ነገርኩት። ከመጀመሪያው ትንሽ ከፍ አድርጎ ጻፈና ማህተም መታበት። ሦስተኛውም እንዲሁ ጠየቀ፣ እንዲሁ ትንሽ ከፍ አደረገ፤ ካምቢዮው እንደተጠቀለለ ሄዶ እንደተጠቀለለ ቤቱ ገባ።

በዚህ መካኒኮቹን ብቻ አልወቅስም። በሙያ ሰዎች መካከል መጀመሪያ ያየውን ሰው ዋጋ አለመስበር እንደ ወግ የተያዘ ነገር ነው። እኔም በጽሕፈት መኪና ዘመኔ፣ ደንበኛው ማን ጋ እንደነበር ከነገረኝ፣ ክዳኑን ሳላነሣ ጥቂት ጨምሬ የጻፍኩበት ቀን አንድና ሁለት አይደለም። ያን ጊዜ የማንም ትንፋሽ በእኔ ወረቀት ላይ አልተንጠለጠለም ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

2ኛ. የክፍልዎ ባለሙያ ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ደርድረው፣ ዋጋዎቹ ስለሚቀራረቡ ተገቢ ናቸው ሲሉ በጽሑፍ ስለወሰኑ እጅ እነሣለሁ። ሁለቱ መካኒኮች ካምቢዮውን በዓይናቸው እንዳላዩት ባስረዳም፣ ክፍሉ የሚመረምረው ወረቀት እንጂ ብርድ ልብስ እንዳልሆነ በትሕትና ተነግሮኛል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ፊርማ በወጣ ሌላ ደብዳቤ ደግሞ፣ በክፍሉ ሰንጠረዥ መሠረት ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነው ተሽከርካሪ ዋጋው ዜሮ ስለሆነ ማስጠገኑ እንደማይመከር ተጽፎልኛል። እንግዲህ ዋጋው ተገቢ ነው፤ መክፈሉ ግን ሞኝነት ነው ማለት ነው። ደብዳቤውን ለእህቴ ሳነብላት መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ፣ ክፍሉ ለሰው የተዘጋጀ ሰንጠረዥም እንዳለው ጠይቅልኝ ብላ ሳቀች። ጠይቅልኝ ስላለችኝ ይኸው ጠይቄያለሁ።

3ኛ. ተስፋዬ ሲሟጠጥ፣ ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ካምቢዮውን ራሴ ከፈትኩት። ጥርሶቹ ሁሉ ደህና ናቸው፤ የተሰበረው አንድ ኩሽኔታ፣ በመዳፍ የሚያዝ ክብ ብረት ብቻ ነው። ከደስታዬ ብዛት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማስረጃ ይሆናል ብዬ በመሐረብ ቋጥሬ ወደ ክፍልዎ ሮጥኩ። ልኩን እንኳ ሳልወስድ አስረከብኩት፤ ዕድሜ ልኬን ብረት ስነካካ የኖርኩ ሰው! የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በጥንቃቄ ቁጥር ሰጥታ፣ በፖስታ አሽጋ፣ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ማስረጃ የሚመለሰው መዝገቡ ሲዘጋ ነው፤ መዝገቡ የሚዘጋው በእርስዎ ፊርማ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነዎት። የመለዋወጫ ሻጮችም ይህን ያህል ላረጀ መኪና ናሙናውን በእጃቸው ካልያዙ ተመሳሳዩን ለመፈለግ እንደማይሞክሩ ነግረውኛል።

4ኛ. ይህችኛዋን በወጉ ልጽፋት አልቻልኩም። ኮንትራት ታክሲ በሳምንት ሦስት ጊዜ መያዝ አቅማችን ስላልሆነ፣ እህቴ አሁን የምትታጠበው ሁለት ቀን ነው። እግሯ አብጦ ጫማዋ እምቢ ስላላት የእኔን ነጠላ ጫማ አድርጋ ትሄዳለች። ሐኪሟ ይህ አካሄድ እንደማያዛልቅ ፊት ለፊት ነግሮኛል። እሷ እኔን ብላ ዛሬስ ቀሎኛል ትላለች፤ ስትዋሽ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅባታለሁ። ተናድጃለሁ፣ ጌታዬ፤ ከመናደዴም ይልቅ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ፍርድ አልጠይቅም። ሦስቱም ጋራዦች ትክክል ናቸው፤ ሰንጠረዡም ትክክል ነው፤ እኔም አቤቱታዬን በሙሉ አንሥቻለሁ። የምለምነው መሳቢያውን የሚያስከፍተውን አንድ ፊርማ ነው። እንደማይፈርሙ አውቃለሁ። የምጽፈውም ቁጭ ብዬ እሷን ከማየት መጻፉ ስለሚቀለኝ ነው።

ላልሰጡኝ ጊዜ፣ ላላነበቡት ማመልከቻና ለማያነቡት ለዚህ ደብዳቤ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ኮሪደርዎ ላይ ባለው እግሩ በተሰበረ አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ በፍጹም አክብሮት የምጠባበቅ ታዛዥዎ፣

የባለመኪናዋ ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦
— ለሦስቱ ጋራዦች
— ለእህቴ ግልባጭ አልተደረገም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክፍልዎ ለማንኛውም ጥያቄ በዘጠና ቀን ውስጥ መልስ እንደሚሰጥ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አንብቤያለሁ። የመኪናዋ ሊብሬ በእህቴ ስም ነው፤ ሐኪሟ የገመተልኝ ጊዜ ደግሞ ከዘጠና ቀን ያንሳል። መልሱ ሲወጣ ባለንብረቷ ራሷ ካልቀረበች ኩሽኔታውን አንሰጥም እንዳልባል፣ የወራሽነት ማስረጃ ከአሁኑ ማመልከት እችል እንደሆነ ቢያሳውቁኝ፤ እሷ እስከ ዛሬ በሕይወት መኖሯ በማመልከቻው ላይ እንደ ጉድለት የሚቆጠር ከሆነም አብረው ይግለጹልኝ።