መሬት ታረጃለች በማለታችን ሌባ ስለመባላችን

ለኮሌጁ ዲን ጽሕፈት ቤት

ቀን፦ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት

ጉዳዩ፦ «ተዘግቷል» ተብሎ የተጻፈልኝ ጉዳይ እንዲከፈትልኝ፣ የፋይናንሺያል አካውንቲንግ መግቢያ መምህርም በሰው ፊት ያወጡትን ቃል በሰው ፊት እንዲመልሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ዲን፦

1. እኔ አመልካች ጸጉር ሠሪ ነኝ። በዚህ ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስሆን የማመለክተውም የፋይናንሺያል አካውንቲንግ መግቢያ ኮርስ ባስተማሩን መምህር ላይ ነው። ተማሪው «ባላንስ» ይላቸዋል፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ «መምህሩ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። በአክብሮት መጥራቴም ለጽሕፈት ቤትዎ ክብር እንጂ ለእርሳቸው ስል እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

2. ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የጸጉር ቤታችንን ሒሳብ የሚይዘው እርሱ ነበር። ካረፈ በኋላ ወንድሙ ተረከበ። በየወሩ እየመጣ ትርፉን፣ ወጪውን፣ ተቀናሹን ይነግረኛል፤ እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ዋርሳዬ ጨዋ ሰው ነው፣ አንድም ቀን አላጭበረበረኝም። ነገር ግን ላልገባኝ ነገር አንገት መነቅነቅ ሰለቸኝ፤ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ስለዚህ በልጅነቴ ያቋረጥኩትን ትምህርት ጨርሼ እዚህ ተመዘገብኩ። አጋጣሚ ሆኖ ልጄም በዚያው ዓመት፣ በዚያው ክፍል ተመደበች።

3. ልጄ መጀመሪያ አፍራብኝ ነበር፤ አልፈርድባትም። ክፍል ውስጥ በቤት ስሟ እንዳልጠራት፣ አጠገቧ እንዳልቀመጥ፣ በተለይ ደግሞ እጄን አውጥቼ እንዳልጠይቅ አስማለችኝ። ሌላውን ጠበቅሁ፤ የመጨረሻውን አልቻልኩም። ዴቢት ለምን በግራ እንደሚጻፍ ጠየቅሁ። መምህሩ «ስለሆነ ነው» አሉኝ። ተማሪዎቹ ከዚያ ወዲህ «ማዘር» ይሉኝ ጀመር፣ ያልገባቸውንም በእኔ በኩል ያስጠይቁ ነበር። ትምህርቱ እየከበደ ሲመጣ ልጄ ቦርሳዋን አንስታ በራሷ ጊዜ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

4. ደንበኞች ሲሄዱ ጸጉር ቤቱ ውስጥ አብረን እናጠና ነበር። በትልቁ መስተዋት ላይ በማርከር መስመር እየጣልን ዴቢቱን በግራ፣ ክሬዲቱን በቀኝ እንጽፋለን፤ መሃል ላይ የሁለታችን ፊት ይታያል። አንድ ቀን ተሳስቼ ዕዳችንን ሀብት ውስጥ ብጽፈው ልጄ ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች። አባቷ ካረፈ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም። መምህሩ የወሰዱብኝ ምን እንደሆነ በትክክል እንዲታወቅ ነው።

5. በፈተናው ላይ የእርጅና ቅናሽ ጥያቄ መጣ። ሕንፃ፣ መኪና፣ የቢሮ ዕቃና መሬት ተዘርዝሮ የዓመቱን ቅናሽ አስሉ ይላል። ሕንፃ ያረጃል፣ መኪና ያረጃል፤ መሬት ግን በሒሳብ ደንብ አያረጅም። እኔና ልጄ መሬቱንም አስረጀነው። መስተዋቱ ፊት ቆመን «በዚህ ዓለም የማያረጅ ነገር የለም፤ እኔን አታዪኝም?» ብዬ ያስተማርኳት እኔ ስለሆንኩ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ስህተት ብንሳሳት አይደንቅም። ነጥብ ቢቀነስብን ይገባናል። ነገር ግን የተፈተንነው በተለያየ ሕንፃ ነው፤ ፈታኞቻችንም የተለያዩ ናቸው።

6. ወረቀት በሚመለስበት ቀን መምህሩ ሁለታችንን ሰሌዳው ፊት አቆሙን። ወረቀቶቻችንን ወደ ላይ አንስተው ለክፍሉ አሳዩና «ልጅ ከእናቷ ስትሰርቅ አይቻለሁ፤ እናት ከልጇ ስትሰርቅ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። በተለያየ ሕንፃ መፈተናችንን ልናገር አፌን ስከፍት «ስልክ የሚባል ነገር አለ። አንቺ ሂጂና ጸጉርሽን ሥሪ፤ ሒሳብ የአንቺ አይደለም» አሉኝ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ይሉኝ ነበር። በልጄ እኩዮች ፊት፣ በልጄም ፊት፣ «አንቺ» ተባልኩ። ሁለቱም ወረቀት ላይ ዜሮ ጽፈው መለሱልን።

7. በማግስቱ ልጄን ብቻዋን ቢሮአቸው አስጠሯት። እናቷ አስገድዳት መልስ እንደላከችላት ከጻፈች እርሷ እንደምትተርፍ፣ ካልጻፈች ግን ሁለታችንም እንደምንባረር ነገሯት። ጻፈች፤ ፈረመች። ከዚያ ወደ ቤት አልመጣችም። አክስቷ ዘንድ ገባች፤ ስልክም አታነሳልኝም ነበር። ክቡር ዲን፣ ዜሮ ይሰረዛል። ልጅ በእናቷ ላይ የፈረመችው ግን በምን ይሰረዛል?

8. ሳመለክት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የፈታኞቹን ቃል ተቀብለው ዜሮውን ሰርዘዋል፣ ውጤታችንም ተመልሷል። አመሰግናለሁ። በደብዳቤያቸው መጨረሻ ግን «ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል አለ። ስለተሰደብኩት አንድ መስመር የለም፤ ልጄ የፈረመችበት ወረቀትም እስካሁን መምህሩ ጋ ነው። ራሳቸው መምህሩ እንዳስተማሩን ማስተካከያው ሳይመዘገብ ሒሳብ አይዘጋም። የእኔ አልተስተካከለም። ይህን ለኃላፊው ብነግራቸው «ማዘር፣ ሰውየው ትዕቢተኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ይለፉት» አሉኝ። ሁላችሁም ካወቃችሁ እስከ ዛሬ ዝም ያላችሁት ስለምንድን ነው? የሚለውን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

9. ቀጥሎ የሆነውን መምህሩ አጣመው እንዳያወሩት እኔው ልናገረው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የማላውቃት ሴት መጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አጥቤያት መቀሱን ሳነሳ በመስተዋቱ ውስጥ እያየችኝ የመምህሩ ባለቤት መሆኗን ነገረችኝ። ባሏ የደም ግፊት እንዳለበት፣ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ሊሰጠው የነበረው የፈተና ኮሚቴ ሰብሳቢነትም በእኔ ክስ ምክንያት እንደዘገየበት ነግራኝ እንድተወው ለመነችኝ። እርሱ ልኳት እንደሆነ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፋች። እኔን ሌባ ለማለት ያልከበደው አፍ ለይቅርታ ሚስት ይልካል።

እውነቱን ለመናገር መቀሱ በእጄ ነበር፣ ጸጉሯም ረጅምና ያማረ ነበር፤ ሰይጣንም አጠገቤ ቆሞ «ከጆሮዋ በላይ አድርጊው» ይለኝ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብኝ ተውኩት። ጫፉን ብቻ አስተካክዬ፣ ሰርግ እንደምትሄድ ሴት አሳምሬ ሠርቼ አስነሳኋት። በር ላይ ስሸኛት «እህቴ፣ ከአንቺ ጋር ጠብ የለኝም። እሱን ግን አልለቀውም፤ ንገሪው» አልኳት። ጸጉሯን በእጇ ዳሰስ አድርጋ «እኔም ብሆን አልለቀውም ነበር» ብላኝ ሄደች።

10. ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ወደ ጸጉር ቤቱ መጣች። ሰላም አላለችኝም። ከደንበኞች ጋር ተራዋን ጠብቃ ማጠቢያው ላይ ጋደም አለች። የውሃውን ሙቀት በእጄ አይቼ ማጠብ ጀመርኩ። ዓይኗን እንደጨፈነች «እማ፣ ፈርቼ ነው» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። «ስፈርም እጄ አልተንቀጠቀጠም። የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው» አለች። አረፋው እስኪለቅ ማጠቤን ቀጠልኩ። ማታውን ዕቃዋን ይዛ ቤት ገባች። ይቅር ብያታለሁ። ነገር ግን ስንነጋገር እንደ እንግዳ ተጠንቅቀን ነው፤ ቃላችንን እየመረጥን። ይህንንም የምመዘግበው በመምህሩ ዕዳ ላይ ነው።

11. ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

ሀ) መምህሩ በዚያው ክፍል፣ በእነዚያው ተማሪዎች ፊት፣ እኔና ልጄ በቆምንበት ቦታ ቆመው፣ ሌቦች እንዳልነበርን በገዛ አፋቸው እንዲናገሩ። ማስታወቂያ መለጠፍ አይበቃኝም፤ የሰደበኝ አፍ እንጂ ወረቀት አይደለም።

ለ) ሲናገሩም «እርስዎ» እንዲሉኝ።

ሐ) ልጄን ያስፈረሙባትን ወረቀት ለእርሷ በእጃቸው እንዲመልሱ። ምን እንደምታደርገው እርሷ ታውቃለች።

መ) የፈተና ኮሚቴው ሰብሳቢነት እንዲዘገይባቸው ሳይሆን ጨርሶ እንዲቀርባቸው። ሁለት ፈታኝ ጠርቶ መጠየቅ የከበዳቸው ሰው የኮሌጁ ተማሪ ሁሉ ፈተና በእጃቸው ሊገባ አይገባም።

12. በመሃል ሰው እንድንታረቅ፣ ሆድ ይፍጀው እንድል የመከሩኝ አሉ። የእኔ ሆድ ይህን አይፈጅም። ቂመኛ ነሽ ብትሉኝም አልከራከርም፤ ነኝ። መምህሩ ይቅርታ ቢጠይቁኝ እንኳ እቀበላለሁ ብዬ ቃል አልገባም። መጠየቅ የእርሳቸው ግዴታ ነው፤ መቀበል አለመቀበል የእኔ ፋንታ ነው። ጥያቄዬም ሰውየው ከሥራ ይባረሩ አይደለም፤ ቢባረሩ ሌላ ቦታ ሄደው «ተበደልኩ» ይላሉ። እዚሁ እንዲኖሩ፣ በየቀኑም ያን ክፍል ሲገቡ የቆሙበትን ቦታ እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

13. ይህ አንቀጽ ለመምህሩ በሰጠነው ግልባጭ ላይ የለም፤ የተጨመረው ከዚያ ስንመለስ ነው። ዛሬ ጠዋት እኔና ልጄ ግልባጩን ይዘንላቸው ሄድን። አዲስ ገቢ ተማሪዎችን እያስተማሩ ነበር። በሩን አንኳኩተን ገብተን በእጃቸው ሰጠናቸው። ቆመው ማንበብ ጀመሩ። ተማሪው ያያቸዋል። ገጹን ሲገለብጡ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ወረቀቱን አጥፈው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከክፍል በኋላ ቢሮ እንነጋገር» አሉን።

ልጄ «ቢሮዎ ሁለተኛ አልገባም» አለች፤ ድምጿ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። «የሚሉን ካለ እዚሁ ይበሉን።»

የሳቀ የለም። እኛም ጠበቅናቸው። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞረው ጠመኔ አነሡ፣ ምንም ግን አልጻፉም። ስንወጣ በሩን አልዘጋነውም። እኛ ከአፋቸው ቃል ልናወጣ አልቻልንም፤ ማስወጣት የጽሕፈት ቤትዎ ሥልጣን ነው።

ሰላምታዬ ለጽሕፈት ቤትዎ ብቻ እንዲሆን እየጠየቅሁ፣

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ) አመልካች፣ ጸጉር ሠሪና የአንደኛ ዓመት ተማሪ

(ፊርማ) ልጇ፤ በመምህሩ ቢሮ የፈረምኩትን ሽሬ፣ ይህን ማንም ሳያስገድደኝ የፈረምኩ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ
ለመምህሩ (በተማሪዎቻቸው ፊት በእጅ ተሰጥቷል)