የሕግ ገለጻ በመስማቷ ስለተባረረች ሠራተኛ

በከተማችን በአሰላ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚመሩት የተከበሩ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የጭላሎ ብርድ ለጉልበቴ ባይስማማውም፣ ደጅዎ ላይ መቆሙን ስለለመድኩት እኔ ደህና ነኝ።

ባለፈው ወር ስለ ፌዴራሉ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለአሠሪዎችና ለሠራተኞች ገለጻ ሲሰጡ፣ በሀገር ሽማግሌነት ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። ያልገቡኝን ነገሮች ግን በየተራ ልጠይቅ።

፩. ገለጻው በሥራ ሰዓት ስለነበር፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ሥራ ላይ ትተው የሠራተኞቹን መብት ራሳቸው ሰምተውላቸዋል። ለዚህ ውክልና ማን ይመስገን?

፪. ከሠራተኛ ወገን የመጣችው ሙቢና ብቻ ነበረች። በግቢዬ ተከራይታ የምትኖር፣ በዱቄት ፋብሪካ ጆንያ የምትሰፋ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጣችውም የፈረቃ አለቃዋን አስፈቅዳ ነው። በማግስቱ የፋብሪካው ባለቤት አቶ አሰግድ «ከሥራ ቀርተሻል፤ እንግዲህ ሕጉ ያብላሽ!» ብለው ከበር መለሷት። እኚህ ሰው ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ ነፍሰ ጡርን ማሰናበት ክልክል መሆኑን ከእርስዎ አንደበት ሲሰሙ፣ ራሳቸውን በአድናቆት ይነቀንቁ እንደነበር አይቻለሁ።

፫. ሙቢና አቤት ብትልዎ፣ «ልጄ፣ ክስ ሆድ ያሻክራል፤ አከራይሽን መምህሩን ሽማግሌ አድርገሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው» ብለው በአባትነት መከሯት። በመመረጤ ኮርቻለሁ። ነገር ግን በአርሲ ሽማግሌ የሚልከው የበደለ ነው። ሙቢና የበደለችው ማንን እንደሆነ ቢጽፉልኝ፣ ለይቅርታው የሚሆን ቃል አዘጋጅ ነበር።

አሁን ወደ ሥራዋ ካልተመለሰች፣ ስትወልድ የወሊድ ፈቃድ የምትወስድበት ሥራ የላትም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትዬ እመጣለሁ፤ ግን ወደ አቶ አሰግድ ሳይሆን ወደ እርስዎ ነው። እንደ ሀገሩ ወግ እርጥብ ሣር ይዘን፣ ራስዎ ያብራሩትን ሕግ ራስዎ እንዲያስፈጽሙት እንለምንዎታለን። ባይሆንልዎ አንቀየምም፤ ከደጅዎ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት እንሄዳለን።

ትዕግሥትን በማስተማር ጀምሬ በቢሮዎ ኮሪደር በመማር ያጠናቀቅሁት፣ መልካም ሥራዎን ለማየት የምጓጓ ታዛዥዎ፣

ወልደጻድቅ ግዛቸው፣ ጡረተኛ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በገለጻው መጨረሻ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ እጇን ያወጣችው ሙቢና ብቻ ነበረች። ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ፣ በመጠየቋ የተባረረች ተማሪ አላጋጠመችኝም፤ ለካ የእኔ ክፍል ሥርዓት የጎደለው ኖሯል።