ቤሪሊየም ሲጨመቅ

በሐዋሳ ለምትማሪው የልጅ ልጄ ሬሐና፤ የአላህ ሰላም ባለሽበት ይክበብሽ። እኛ ሰበታዎች፣ ምስጋና ለእርሱ ይሁንና፣ በጤና አለን።

ቤሪሊየም ሲጨመቅ ኤሌክትሮኖቹ ኒውክለሱ ላይ ምን ያህል እንደሚጠጋጉ ያሰላሽውን መረመርሁት። ፊዚክስ ሳስተምር ለማንም ያልሰጠሁትን ሙሉ ማርክ ሰጥቼሻለሁ። የመጠጋጋቱ ጭማሪ ኢምንት ነው፤ ሆኖም ዓይኔን ስጨፍን የኤሌክትሮኑ ደመና እንደ ሱሉልታ ጉም በዝግታ ወደ መሀል ሲሰበሰብ ይታየኛል።

ወንድምሽ ጃዕፈር ወረቀትሽን አይቶ፣ «አባባ፣ እኛንም የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ከመሬታችን ጨምቆናል፤ ማን ያስላልን?» ብሎ ሳቀ። ትናንት ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ለተቃውሞ ሰልፍ ወደ ቡራዩ ወጣ። መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ። ሴት አያትሽ ያስቀመጠችለትን የትናንት ምሳ ዛሬም አላነሣችም።

ለመምህራንሽ ሰላምታዬን አቅርቢ። ጃዕፈር ደውሎልሽ እንደሆነ ግን፣ ከስሌቱ አስቀድመሽ እርሱን ጻፊልኝ።

አያትሽ አብዶ