ከመስኮቴ ውጭ ያሰርከው መስታወት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ከአራት ወር በፊት ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር። ኩራቴን እራት አድርጌ ቆየሁ። ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ቤታችን የሆነውን ግን ካንተ ቀድሞ ሌላ ሰው ቢሰማው ግፍ ነው ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ከመሰላል ወድቄ ወገቤን የተጎዳሁ ሰሞን ሐኪሙ ያለንን ታስታውሳለህ። "በእነዚህ ወራት እግሮቿን ካላሠራች በኋላ አይታዘዟትም" ነበር ያለን። እኔ ደግሞ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥላ ታፔላ ስትጽፍ የኖረች ሴት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተጋድማ የጎረቤት ግንብ ስታይ መዋል ምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። እናታችን እግሬን ልታንቀሳቅስልኝ ስትመጣ ፊቴን አዞርባት ነበር።

አንተ ሰውን በቃል ማጽናናት አታውቅበትም። ቅዳሜ ዕለት ከአሮጌ ቁም ሳጥን በር የነቀልከውን መስታወት ተሸክመህ መጣህና ከመስኮቱ ውጭ እንደ መኪና ስፖኪዮ ገትረህ አሰርከው። የሚጢ ትምህርት ቤት በር እዚያው መንገዳችን ጫፍ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ለእኔ ለእናቷ አይታየኝም ነበር። ታጠብቃለህ፣ ታላላለህ፣ እየሮጥክ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ወርደህ ትመለሳለህ። "ኳስ ግድግዳ ላይ በሰያፍ ብትወረውሪ በዚያው ልክ በሰያፍ ይነጥራል፤ ብርሃንም እንደዚያው ነው" አልከኝ። "ጣት ታህል ከሳትኩ ልጅሽ ቀርታ የሥጋ ቤቱን ጣሪያ ነው ስታዪ የምትውዪው።" ከዚያ ደግሞ የራስጌዬን መብራት ቀንም እንዳላጠፋ አስጠነቀቅከኝ። በጠራራ ፀሐይ መብራት ለምኔ ብዬ አጉረመረምኩ።

በመጀመሪያው ቀን ሚጢ ዘበኛውን በግራ እጇ ስትጨብጥ አየኋት። ከሰዓት ስትመለስ "ቀኝ እጅሽን ምን አገኘው? አሳዪኝ" ብዬ አፋጠጥኳት። አንተ ሆድህን ይዘህ ሳቅክ። እኔ ሞኟ፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት የፋርማሲው ታፔላ እንኳ ተገልብጦ እየታየኝ፣ መስታወት ግራና ቀኝን እንደሚያለዋውጥ ዘንግቼው ነበር። ከወደቅኩ ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሚጢ ከትምህርት ቤት መጥታ "እማዬ፣ ዛሬ ጠዋት ለምን አለቀስሽ?" አለችኝ። ማን ነገረሽ ብላት፣ ከበሩ ዘወር ብላ መስታወቱን ስታይ ፊቴ በራስጌዬ መብራት እንደሚታያት፣ ይህንንም ያሳየሃት አንተ እንደሆንክ አወጣች። እኔኮ ማንም አያየኝም ብዬ ነበር በየጠዋቱ የማለቅሰው።

"ለሕፃን ልጅ ትርኢት አደረግከኝ? በቁስሌ ላይ እንጨት ትሰዳለህ?" ብዬ ጮህኩብህ። አንተ ድምፅህን እንኳ ከፍ አላደረግክም።

"አንቺ ካየሻት እሷም ታይሻለች፤ ብርሃን በአንድ በኩል ብቻ የሚያስኬድ መንገድ የለውም። 'ትምህርት ቤት እያለሁ እማዬ ብትሞትስ?' ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ሳጣ አሳየኋት።"

ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ አልኩህ። መሣሪያህን ሰብስበህ ወጣህ። በወሩ ሥራ አግኝተህ ሌላ ከተማ እንደሄድክ ከእናታችን ሰማሁ።

ያን ዕለት ከወጣህ በኋላ እናታችንን መስታወቱን በጨርቅ እንድትሸፍንልኝ ለመንኳት። መቼም ታውቃታለህ፤ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም "እኔ ምን በወጣኝ? ከፈለግሽ ተነሺና ሸፍኚው" አለችኝ። እልህ ምላጭ ያስውጣል። እግሬን ማሠራት የጀመርኩት ለመዳን ብዬ እንዳይመስልህ፤ ያንን መስታወት ለመሸፈን ብዬ ነው። በሁለተኛው ወር ቁጭ ማለት ቻልኩና ጨርቁን ይዤ ወደ መስኮቱ ስንጠራራ፣ ሚጢ ከበሩ ዘወር ብላ እጇን አነሳችልኝ። ጨርቁን አስቀምጬ እኔም አነሳሁላት። ከዚያ ወዲህ አንድም የትምህርት ቀን አላጎደልንም። እሷ ዘወር ከማለቷ በፊት ፀጉሬን አበጥራለሁ።

ዛሬ ሚጢ እንደወጣች፣ እናታችን ሳታየኝ ግድግዳውን ይዤ ተነሳሁ። ከአልጋዬ እስከ መኝታ ቤቱ በር አምስት እርምጃ ነው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ፤ የሰላምታችን ሰዓት እንደደረሰም ረሳሁት። ሚጢ ዘወር ስትል ያየችው መብራት የበራበት ባዶ አልጋ ነው።

ደረጃውን እየጮኸች ስትወጣ ሰማኋት። ስትደርስ ቦርሳዋ የለም፣ አንድ ጫማዋ የለም። እኔ የበሩን መቃን ይዤ ቆሜያለሁ።

"አልጋው ባዶ ነበር" አለችኝ።

"እዚህ ነኝ" አልኳት።

እግሬን ጥምጥም ብላ ይዛ ልትጥለኝ ምንም አልቀራት። እናታችን ማማሰያዋን እንደያዘች መጣችና ሦስታችንም አለቀስን። ሚጢ ቆይታ ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ ዘበኛው ለምን አረፈድሽ ቢላት፣ "እናቴ ቆማ ነበር" ብላው አስገባት አሉ።

ወንድም ጋሼ፣ ያኔ የተቆጣሁት አንተን አልነበረም። መታየቴ አሳፍሮኝ ነው። ልጄን ከፍርሃቷ፣ እኔን ከአልጋዬ አውጥተኸናልና እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜህን ያርዝመው። ለተናገርኩህ ክፉ ቃል ይቅርታህን እለምናለሁ።

እረፍት ስታገኝ ና። አንኳኩተህ ግን ትንሽ ታገስ፤ የምከፍትልህ እኔ ነኝ፣ ቀስ ብዬ ነው የምመጣው።

ግትሯ ታናሽህ