ያላስዘመርኩት መዝሙር

ቡታጅራ፣ ግንቦት ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እናቴ፤

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎን ብርዱ ተወዎት ወይስ እንደለመደው ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። ባለቤቴን፣ ልጅዎን፣ ከቀበርን ወዲህ ልጄ የሚለኝ ከእርስዎ በቀር የለምና ናፍቀውኛል።

አዲስ አበባ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ለሥራ ፍለጋ ስወጣ የሸኙኝ እርስዎ ነዎት። ወልቂጤ ሄጄ ሙዚቃ ላስተምር ብዬ ብጠይቅ፣ የጣሊያኑ ሹም ወረቀቴን አገላብጦ የአርመን መምህር አንፈልግም አለኝ። እዚህ ቡታጅራ ግን ለሕፃናት መዝሙር የሚያስጠና ሰው ታጥቶ ነበርና ቀጠሩኝ።

ማደሪያ የሰጡኝ ሰማን የሚባሉ የመስቃን ነጋዴና ባለቤታቸው ዘይባ ናቸው። ደጎች ናቸው። ከቤታቸው ስወጣ ግን ብቻዬን ነኝ። ገበያ ስገባ ሴቶቹ ጣሊያን እየመሰልኳቸው ጨዋታቸውን ያቆማሉ። ጣሊያኖቹ ደግሞ ከማዕዳቸው አያስጠጉኝም። የሚያጫውተኝ ሳጣ ለሰማን በቅሎ በአማርኛ አወራላታለሁ። ቢሰሙኝ ይስቁ ነበር።

ሥራው ልጆቹን የጣሊያንን የጦር መዝሙር በቃላቸው ማስያዝ ነው። እንጀራ ነው ብዬ ጀመርኩ። ከሁሉ ድምፅዋ የሚያምረው ሳሌሃ የምትባል ልጅ ናት። አንድ ቀን ትርጉሙን ጠየቀችኝ። ስለ አሸናፊዎች ነው አልኳት። አሸናፊዎቹ እነማን ናቸው ብላ ደገመችኝ። ቤት ገብቼ ለዘይባ ባጫውታት፣ የልጅቷ አባት አምና ጣሊያኖች ከረሸኗቸው ሰዎች አንዱ መሆኑን ነገረችኝ።

እናቴ፣ ለልጅዎም ለእርስዎም ተናግሬው የማላውቅ ነገር አለ። እኔ ያደግሁት በአርመኖች እልቂት ጊዜ አባቴን ያረዱት ሰዎች ባቆሙት የሙት ልጆች ቤት ነው። በየጠዋቱ ተሰልፈን የእነሱን መዝሙር እንዘምር ነበር፤ ያልዘመረ ቁርስ የለውም። ሙዚቃ ያወቅሁት እዚያ ነው።

በማግስቱ የቡታጅራው የጣሊያን ሹም ልጆቹን ሊሰማ መጣ። ተሰልፈው ቆሙ፤ ዓይናቸው እጄ ላይ ነው። እጄን አላነሳሁም።

«በሉ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አልኳቸው።

ሹሙ ምን ማለትህ ነው ሲለኝ፣ «ሌላ ዜማ ካዘዝከኝ አስተምራለሁ፤ ይህን ግን አላስተምርም» አልኩት። አልተቆጣም። ቅዳሜ ካሚዮን እንደሚመጣና በእርሱ እንደምሄድ ብቻ ነገረኝ። ወዴት እንደሆነ አላለኝም።

ሰማን፣ ቸሃ አገር ዘመድ አለኝ፣ እንሰቱ ውስጥ ማን ያገኝሃል እያሉ ለመኑኝ። ብሸሸግ ቤታቸውን እንደሚያቃጥሉባቸው እርሳቸውም አላጡትም፤ እንቢ አልኩ። ዛሬ ጠዋት ሳሌሃና እናቷ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው መጡ። እናትየው አማርኛ እምብዛም አታውቅም። «አላህ ይጠብቅህ፣ ወንድሜ» ብላኝ ሄደች። ከበር ስትርቅ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ይህን ወረቀት የሚያደርሱልዎ ራሳቸው ሰማን ናቸው። ሳያርፉ አይሸኟቸው፤ የእኛን ሥጋ ስለማይበሉ ሽሮ ያቅርቡላቸው።

ለልጅዎ ሙት ዓመት እደርሳለሁ ብዬዎት ነበር። ከቀረሁ በእኔ ምክንያት ቀኑን አያሳልፉት። ካህኑ ስሟን ሲጠሩ የእኔንም አብረው እንዲጠሩ ይንገሩልኝ፤ የክርስትና ስሜን ያውቁታል።

እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ደጅዎን ከክፉ ይጠብቅልኝ።

አማችዎ