በበሩ መዝገብ ላይ ሁለት መስመር

ይድረስ ለልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሲበርድ የሚነዘንዝሽ ጉልበትሽስ? እንቅልፍ በቅጡ ትተኛለሽ ወይ? ምግብሽን በሰዓቱ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ቆመሽ ነው? እኔን ካልሽ፣ ሰባ ስምንት ዓመት ሞላኝ እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ዛሬም ደረጃውን ሳልደገፍ እወጣለሁ። ጺሜን ራሴ እላጫለሁ፤ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። ከጥፍር የማትበልጥ የሴት ሰዓት ፈትቼ መልሼ እገጥማለሁ፤ ስገጥምም የሚተርፍ ዕቃ የለም። አሁን እንቢ ያለኝ ትልልቁ ነገር ነው፤ እንደ ባልዲ ያለው። ትንንሹ ገና እጄን ይሰማል። ልጅሽንም በየቀኑ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ መልሼ አመጣለሁ።

እሷ ደኅና ናት። የፊት ጥርሶቿ ሁለቱም ወልቀው አንዱ በቅሏል። ሴኮንድ ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ፤ አትቆምማ! አሁንም አጠገቤ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ጠረጴዛዬን ትነቀንቅብኛለች። ጽሕፈቱ የተንጋደደ ቦታ ካየሽ ግማሹ የእሷ ጥፋት ነው።

ያኔ በጥቅምት ስለሆነው ነገር አክስትሽ በስልክ ነግራሻለች። አንቺ ስትጠይቂኝ እኔ አታስቢ ብዬ ዘጋሁብሽ። በስልክ የሚባል ነገር አልነበረም። አሁን ዓመቱ ሊያልቅ ነውና ከሥሩ ልንገርሽ።

ትምህርት ቤቱ ደንብ የበዛበት ነው። በሩ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣ ልጅ የማርፈጃ ወረቀት ይዞ ነው የሚገባ። ሲወጡ ደግሞ ማንም ልጅ ያለ ቢጫ ካርድ አይሰጥም፤ አያት ሁን ሚኒስትር ሁን። ወላጅ ከቀዩ መስመር አያልፍም። ሰኞ ጥፍር ይታያል። ታሞ የቀረ ልጅ በማግስቱ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። በምሳ ዕቃው፣ በውኃ መያዣው፣ በሹራቡ ላይ ስም ይጻፋል፤ እሱን አንቺ ሳትሄጂ ስለጻፍሽበት ተገላገልኩ። ደግሞ መገናኛ ደብተር የሚሉት አለ። መምህሯ ማስታወቂያ ትለጥፍበታለች፣ አሳዳጊ አንብቦ ይፈርማል።

እኔ ደንብ አልጠላም። ሰዓትስ ያለ ደንብ መች ይሄዳል? የተጣላሁት ከዘበኛው ጋር ነው። የመጀመሪያው ቀን በእኔ ሰዓት ሁለት ከስምንት ላይ ደረስን፤ በሩ ግን ተዘግቷል። ዘበኛው የእኔ እኩያ ነው፣ ወፍራም፣ ካፖርቱን በበጋ የማያወልቅ። አርፍዳችኋል አለኝ። አላረፈድንም፣ ያንተ ግድግዳ ላይ ያለው ነው የሚቀድም አልኩት። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሰዓት ነው የምዘጋው አለ። ሠላሳ ዓመት ተሳስተሃላ አልኩት። ሴኮንድ መሃላችን ቆማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። በመጨረሻ ወረቀቷን ጽፎ ሰጣትና አንተ ሽማግሌ፣ ነገ በዘበኛ ሰዓት ኑ አለኝ። ነገሩን ላስረዝመው እችል ነበር፤ ልጅቷን ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ።

አንቺ እንደምታውቂው ቁጥር ላይ ማንም አይቀድመኝም። ማስታወቂያ ሲለጠፍ ቀኑንና ሰዓቱን አያለሁ፣ ፊርማዬን አኖራለሁ። ፊርማዬን ታውቂያታለሽ፤ እንደ ተጠቀለለ የሰዓት ሞላ ናት። ቀኑና ሰዓቱ ካለኝ ምን ቀረኝ ብዬ በሰዓቱ እሄዳለሁ። ለምን እንደተጠራሁ እዚያ ስደርስ ይታወቃል እላለሁ።

በመስከረም አሥራ አራት፣ ሦስት ሰዓት የሚል መጣ። ሰው በክብር ሲጠራ በክብር ይሄዳል ብዬ ሰማያዊውን ሱፌን ለበስኩ፣ ክራቫቴን አሰርኩ። ለካ ወላጆች የክፍሎቹን መስኮት የሚያጥቡበት ቀን ኖሯል! ሁሉም ሰው በአሮጌ ልብስ፣ ጨርቅና ባልዲ ይዞ። አንዷ እናት አባባ፣ ተሳስተው ነው እንዴ ብትለኝ፣ የለም፣ እኔ ሥራ የምሠራው ለብሼ ነው አልኳት። ስምንት መስኮት በክራቫት አጠብኩ። ዘበኛው መሰላሉን ይዞልኝ ነበር። ከሥር ሆኖ፣ ሙሽራው፣ ያቺን ጥግ ረሳሃት ይለኛል።

ከዚህ በኋላ ነው የጥቅምቱ ወረቀት የመጣው። ሃያ ሁለት ይላል። ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ደግሞ ስድስት ሰዓት ተኩል። ከስድስት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል የሚፈጅ ስብሰባ! ይቅርብኝ አልኩ። መስኮቱ በቃኝ፣ አሁን ደግሞ ጣራ ሊያስጠግኑኝ ነው አልኩ። ፈረምኩ፣ ደብተሩን ከቦርሳዋ ከተትኩ። በቀኑ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ትቼ አንድ ግትር የግድግዳ ሰዓት ይዤ ዋልኩ፤ ልክ በዘጠኝ ተኩል ቢጫ ካርዴን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

ልጅ የለም። ግቢው ጭር ብሏል። ቀዩ መስመር ብቻውን ነው።

ዘበኛው ወንበሩን አምጥቶ አስቀመጠኝ። ዛሬ በስድስት ተኩል ነው የተለቀቁት፣ በዘጠኝ ተኩል ፋንታ፣ መምህራኑ ስብሰባ አላቸው፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፎልህ የለም ወይ አለኝ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ልጅ ሳይወሰድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ሁለተኛው ተጠሪ ይጠራል። ሁለተኛዋ ተጠሪ አክስትሽ ናት። መጥታ ወስዳታለች።

አክስትሽ ቤት ስደርስ ሴኮንድ ዳቦ እየበላች ነበር። አባባ፣ ብቻዬን ቀረሁ እኮ አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ «እኮ» ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አክስትሽ ግን አልቆጠበችም። የእናትሽ እህት አይደለች፣ ምላሷን ታውቂዋለሽ። አንተ ሰውዬ ልጅ ነው የምታሳድገው ወይስ ሰዓት? ስልክ አታነሳ፣ ወረቀት አታነብ፣ ከእንግዲህ እኔ ጋ ትሁን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣልሃለች አለችኝ። ቅዳሜ ብቻ የሚሄድ ሰዓት አይቼ አላውቅም አልኳት። ክፋት የላትም፤ ቤቷም ሰፊ ነው፣ ልጆችም አሏት። እሱ ነው ያስፈራኝ፣ እውነት ሊኖራት መቻሉ። እናትሽ ካረፈች ሦስት ዓመት ቤቱ ውስጥ የሚናገር ሰዓት ብቻ ነበር። አንቺ ልጅሽን አምጥተሽ አደራ ብለሽኝ ስትሄጂ ገና ሰው ሆንኩ። እሷን ከወሰዱብኝ ማንን በጠዋት ተነሺ እላለሁ?

በማግስቱ ርዕሰ መምህርቷ አስጠራችኝ። የአንቺ እኩያ ትሆናለች። አባቴ ይቀመጡ ብላ ቅጽ ከፊቴ አኖረች፣ እስክሪብቶ ከላዩ። አምስት መስመር ናት። የአሳዳጊ ስም፣ ዝምድና፣ አድራሻ፣ ልጅቷን ማን እንደሚረከብ፣ ፊርማ። ልጅ የተረሳበት አሳዳጊ ቅጹን እንደገና በራሱ እጅ ይሞላል፣ ካልሞላ ሁለተኛው ተጠሪ አንደኛ ይሆናል፣ ደንባችን ነው አለችኝ።

መነጽሬን ረስቼ መጣሁ አልኳት። ይህች ቃል ስድሳ ዓመት አገልግላኛለች፤ በየቢሮው አስከብራኛለች። ሴትዮዋ ግን ወደ አንገቴ አየችና፣ እሱስ ምንድን ነው አለችኝ። ሥራ ላይ ዓይኔ ላይ የማደርጋት ማጉያ መስተዋት ናት፤ ከአንገቴ አውልቄያት አላውቅም። በእሷ ቢታይ ቁንጫም ሽፋሽፍት አላት።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲሄድ ይሰማኛል፤ እሱም ዘይት ይፈልጋል። እኔ እናትሽ ብቻ የምታውቀውን ነገር ያን ቀን ለማላውቃት ሴት ተናገርኩ። ቁጥር ነው የማውቀው፣ ፊደል አልቆጠርኩም አልኳት።

ብትስቅ ተነስቼ እወጣ ነበር። ብታዝንልኝ ደግሞ ይብስ። እሷ ግን ደንቡን ገልጣ በጣቷ ተከትላ አነበበችልኝ። አሳዳጊው በራሱ እጅ ይሙላ ይላል፣ በአሥራ አምስት የትምህርት ቀን ውስጥ ይላል፣ እጁ መቼ እንደተማረ ግን አይጠይቅም አለችኝ። ቅጹን አጥፋ በኪሴ ከተተችልኝ።

ሴኮንድ አንደኛ ክፍል ናት፤ በቀን አንድ የፊደል ቤት ነው የሚይዙት። ማታ አጠናሻለሁ እያልኩ ከጎኗ ተቀምጬ አብሬ ያዝኩ። ችግሩ፣ የእኔ ስም የሚጻፍበት ፊደል ጋ እስኪደርሱ አሥራ አምስቱ ቀን ያልቃል። መምህርሽን ትንሽ ፍጠኚ በያት ብላት፣ ሴኮንድ እውነት መስሏት ነገረቻት!

ያኔ ወደ ዘበኛው ሄድኩ። እንዴት እንደጠየቅኩት አልነግርሽም። በምላሹ ሰዓቱን ከግድግዳ አውርጄ ጠረግኩለት፣ አስተካከልኩለት። አራት ደቂቃ ይቀድም ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንቱን ልጅ በከንቱ እንዳስረፈደ ቆጥረህ ድረስበት አልኩት። እሱም በጠዋት በሩን ዘግቶ ሲጨርስ፣ ባልተጻፈባቸው የማርፈጃ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ያስጽፈኝ ጀመር። አንተ በሰዓት አሳፍረኸኛል፣ እኔ በፊደል ላስለቅስህ ነው ይለኛል። እውነትም አስለቀሰኝ። የሴት ሰዓት የሚፈታ እጅ እስክሪብቶ ሲይዝ እንደ ዶሮ እግር ይሆናል።

በአሥራ አራተኛው ቀን ቅጹን ቢሮ ተቀምጬ ሞላሁ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። አክስትሽ የልጅቷን ልብስ ልትወስድ ቀጠሮ ይዛ ነበርና ቤት ብታጣኝ እዚያው መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ስጨርስ ወረቀቱን አንስታ፣ ይህ ጽሕፈት ነው ወይስ ጉንዳን ቀለም ረግጦ ያለፈበት አለችኝ። ግን ወረቀቱን ቶሎ አላስቀመጠችውም። ከዚያ ሻርፏን አስተካክላ፣ እንግዲያው ቅዳሜ ቅዳሜ እኔው እመጣለሁ ብላ ሄደች። ትመጣለች፤ እየተጨቃጨቅን በደስታ እንውላለን።

አሁን ደብተሩን አንብቤ ነው የምፈርመው። ልጅዎ ትናንት አሸዋ ወደ ክፍል አስገብታለች ይላል፣ ነገ ባለ ቀለም እርሳስ ትያዝ ይላል። ሰው ስንት ነገር አምልጦት ኖሯል! አንድ ቀን ሲያስላት ቤት አስቀረኋትና የመቅረቷን ደብዳቤ እኔ ጻፍኩ። መምህሯ ሥሩ ላይ በጣም ጥሩ ብላ ኮከብ አደረገችበት። ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ወስጄዋለሁ።

ድሮ ከቤት ርቀሽ ስትማሪ ከእኔ ይደርስሽ የነበረው ደብዳቤ ሁሉ ጽሕፈቱ ያማረ ነበር። ይህ አላማረም። አንቺ ብልህ ነሽ፣ ለምን አትዪኝ። ይህን ከጀመርኩ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ቀይ እርሳስ ያለበት ቦታ ሴኮንድ ያረመችው ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። አራተኛ ክፍል ሳለሽ ሁለተኛ ወጥተሽ ተሸልመሽ ነበር። እናትሽ ታማ ተኝታለች፤ ሊመጣ የሚችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማታ ለምን ቀረህ ስትዪኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ለሽልማት ቀን ጠርተሽኝ አታውቂም። ያን ቀን ሥራ አልነበረኝም። ተላጭቼ፣ አዲስ ጫማ አድርጌ እስከ በሩ መጥቻለሁ። በሩ ላይ ጠረጴዛ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ መዝገብ። የሚገባው ሰው ሁሉ የራሱንና የልጁን ስም እየጻፈ ነው የሚያልፍ። ከፊቴ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ አንድ። ጫማው አዲስ ስለነበር ስመለስ ተረከዜን ልጦኝ ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በይ እንግዲህ፣ ሥራሽ ይቃናልሽ፤ የምትዪው ሁሉ ይሁንልሽ። ከክፉ ሰውና ከብርድ ይጠብቅሽ። እንዳየሁሽ ደግሜ ልይሽ። ለልጅሽ አታስቢ፤ እዚህ ሁለት ሆነን ነው የምንጠብቅሽ።

ሰው ዕዳውን ለልጁ ጥሎ አይሄድም። ያለብኝን እዚህ እጽፋለሁ፤ ሁሉንም እኔው ራሴ እወጣዋለሁ፣ ማንም አይግባበት። ለዘበኛው አንድ ይቅርታ፤ ሰዓቱ የሚቀድመው አራት ሳይሆን ሦስት ደቂቃ ተኩል ነበር፣ አጋንኜበታለሁ። ለርዕሰ መምህርቷ የቢሮዋ ሰዓት ዘይት። ለአክስትሽ፣ እውነት ነበረሽ ማለት፤ እሱን በየትኛው ቅዳሜ እንደምለው ገና አልቆረጥኩም። ለሴኮንድ፣ ከእንግዲህ አንድም ቀን ሳይጎድል ቀድሜ መድረስ።

ለአንቺ ደግሞ፣ በዚህ ወር በሠላሳ፣ በሦስት ሰዓት፣ የሽልማት ቀን ነው። ለምን እንደምሄድ አንብቤ ነው የምሄድ። በሩ ላይ መዝገብ ይኖራል። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፤ በአንዱ የሴኮንድን ስም፣ ከሥሩ ያንቺን፣ አራተኛ ክፍል ብዬ።

አባትሽ
በራሴ እጅ